አተላን እርም ያለው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ጅብና አህያ ከአንድ ወንዝ በሚጠጡበት አገር፣ ዳለቻ የምትባል አህያ ከባሏ ከቦራ ጋር ትኖር ነበር። ዳለቻ ምላሷ እንደ ቆንጥር የሚቧጥጥ፣ አንገቷን ለማንም የማትደፋ ሴት ነበረች። ቦራም ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጫንቃው ሸክም የማይመርጥ መልካም አህያ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት። ፀሐይ ካዘቀዘቀች ግን የት እንዳለ መጠየቅ አያስፈልግም፤ እመት ቀበሮ ደጅ፣ አፍንጫውን ገንዳ ውስጥ ቀብሮ ነው።

እመት ቀበሮ ጠላ ጠማቂ ናት። ጠላውን በሬውም፣ ዝንጀሮውም፣ ከርከሮውም ይጠጣሉ። ለቦራ የሚደርሰው አተላው ነው። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ሌላው ጠላውን ጠጥቶ በእግሩ ቤቱ ይገባል፣ ይሄኛው በአተላው ይሰክራል! ለዚያች አተላ ሲልም የቀበሮን ውሃ ይቀዳል፣ ጌሾዋን ያመላልሳል፣ እንጨቷን ይሸከማል። «ቦራዬ፣ የኔ አንበሳ!» ትለዋለች። አንበሳ ውሃ ሲቀዳ ማን አይቷል?

በአንዱ ክረምት፣ የመጀመሪያ ውርንጭላቸው አባቱን ተከትሎ ወደ ቀበሮ ደጅ ወረደ። ቦራ ከገንዳው አጠገብ ተዘርሮ ሳለ አያ ጅቦ ገና ሳይመሽ መጣና ውርንጭላውን ከአፍንጫው ሥር አንጠልጥሎት ሄደ። ዳለቻ እየሮጠች ስትደርስ ቦራ ዓይኑን ጨፍኖ ያንጎራጉር ነበር።

ዳለቻ አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። ዝም አለች። እሷ ስትሰድብ የኖረች ናትና፣ ዝምታዋ ከስድቧ ይልቅ ያስፈራ ነበር።

ዓመቱ በባተ በመስከረም አንድ ማለዳ፣ ባሏ ፊት መጥታ ቆመች።

«ስማኝ አንተ። አሁን አልሰከርክም አይደል?»

«አልሰከርኩም።»

«ጸንሻለሁ።»

ቦራ ጆሮውን አቀና።

«ቶሎ ደስ አይበልህ። ፍየል በአምስት ወሯ ትገላገላለች፤ እኔ ግን አህያ ነኝና ዓመት ሙሉ ልሸከም ነው። ሽቅብ ስወጣም፣ ቁልቁል ስወርድም፣ ሳሩ ሲደርቅም አብሮኝ ነው። አንዲት ቀን አውርጄ አላርፍም። አንተስ? አንተ ምን ትሸከማለህ?»

ቦራ መሬት መሬቱን አየ። ዝንብ መጥቶ ዓይኑ ላይ አረፈ፤ አላባረረውም።

«አተላውን እርም ብያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ጠላውንም። ጠጅ ቢመጣ ጠጁንም። አንቺ እስክትገላገይ፤ ዓመት።»

ዳለቻ ሳቀች። ሳቋ ገደል ማዶ ተሰማ።

«ጅብ ሥጋ እርም አለ ቢሉኝ ያን አምናለሁ! ዓመት ነው ያልከው? እስከ እሁድ ከቆየህ ጭራዬን ቁረጠው!»

እሁድ መጣ። ቦራ አልጠጣም። ላብ ከጆሮው ሥር ይንጠባጠባል፣ ሳር አፉ ውስጥ ይዞ ማኘኩን ይረሳል። ዳለቻ በጎን እያየችው «ይሄማ በሽታ ነው፤ ጀግንነት አይደለም» አለች በልቧ። ሌላም እሁድ መጣ። ስለ ጭራዋ ማንም አላነሳባትም፤ እሷም አላነሳችም።

መስቀል ደረሰ። የቀበሮ ግቢ ከበሮው ይደለቃል፣ የጌሾው ሽታ ከነፋሱ ጋር ሽቅብ ይወጣል። ወደ ወንዝ የሚወስደው አቋራጭ በቀበሮ ደጅ ያልፋል። ቦራ አቋራጩን ትቶ በገደሉ ዙሪያ፣ ድንጋይ በበዛበት በረጅሙ መንገድ መውረድ ጀመረ። አንድ ጊዜ ዳለቻ «ሰኮናህ አለቀ እኮ» አለችው። «ሰኮና ይበቅላል» አላት። 

በታኅሣሥ የበሬው እህል ሲወቃ አገሩ ሁሉ ለደቦ ወጣ። መቼም በደቦ ላይ ዋንጫ መመለስ ባለቤቱን ፊት ለፊት መስደብ ነው። ዋንጫው ዞሮ ዞሮ ቦራ ዘንድ ደረሰ።

«ኧረ ሙሉለት!» አለ ዝንጀሮ። «የገንዳው ባላባት መጥቷል! ለሱማ በዋንጫ ምን ይሆነዋል፣ ጋኑን አምጡለት!»

ቦራ ዋንጫውን አልነካም።

«ጠጣ እንጂ!» አለ በሬ፣ ቀንዱ ወደ ታች ወረድ ብሎ። «ምነው፣ ናቅኸኝ?»

ዳለቻ ከገለባው ክምር ጀርባ ቆማለች። አሁን አለቀለት አለች። አገር ፊት ተሰድቦ የሚችል ወንድ አይታ አታውቅማ።

«ጋሼ በሬ፣ ኧረ አልናቅሁህም» አለ ቦራ። «ሥራውን ሁለት እጥፍ ልሥራ፤ ዋንጫውን ብቻ ዝለሉኝ።»

«እኮ ለምን?»

«ተሸክሜአለሁ።»

«ምን ተሸክመሃል? ጫንቃህ ባዶ!» አለና ዝንጀሮ ከሳቁ ብዛት ገለባው ውስጥ ተንከባለለ።

ቦራ ወደ አውድማው ገብቶ ዞረ። ሌሎቹ ጠጥተው ጥላ ሥር ሲጋደሙ እሱ ዞረ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ዞረ። በማግስቱ ዋንጫው ሲነሳ በሬው ራሱ ቦራን አሳልፎ ለከርከሮ ሰጠው፤ ደግሞም የሚስቅ ካለ ብሎ ዙሪያውን በቀንዱ በኩል አየ። የሳቀ አልነበረም።

ያን ቀን ዳለቻ ወደ ቤት ስትመለስ ከባሏ ኋላ ሄደች። ሁልጊዜ የምትሄደው ከፊት ነበር።

በግንቦት፣ ገና ጎህ እንደ ቀደደ፣ ቦራን ከጉብታው ጫፍ ላይ ቆሞ አገኘችው። ጆሮዎቹ ወደ ላይ ቀጥ ብለዋል፤ እንባው በአፍንጫው ግራና ቀኝ ይወርዳል።

«ምን ሆነሃል?»

«ዝም በይ።»

ዳለቻን ዝም በይ ያላት ፍጥረት አልነበረም። ለካስ ሲሏት ዝም ማለት ትችል ኖሯል!

«ከወንዙ ማዶ ያለችው ፍየል ስታመነዥክ ይሰማኛል» አለ ቦራ በሹክሹክታ። «ጉንዳኑ ቅጠል ሲጎትት ይሰማኛል። ውሃው በድንጋዩ ሥር ሲሄድ፣ ወፏ ሳትዘምር በፊት ጉሮሮዋን ስትጠርግ... ዳለቻ፣ ይሄ ሁሉ ድምፅ ድሮም ነበር?»

«ነበረ» አለች። የራሷ ድምፅ አንሶ ተሰማት።

ቦራ ጆሮውን ቀስ ብሎ ከጎኗ አስጠጋ። ትንፋሹን ያዘ።

«ሁለት ልብ ይመታል» አለ።

ዳለቻ ባሏን አየችው። ስንት ዓመት አብራው ኖራ፣ ያንለታ ገና ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ መሰላት፤ ተነስተው ቦታ የሚለቁለት ዓይነት እንግዳ። ልትሰድበው ፈለገች። ስድብ ፈልጋ ያጣችው በዕድሜዋ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሌላዋስ ምን ሆነች ካላችሁ፣ እመት ቀበሮ ውሃዋን በራሷ ወገብ መቅዳት ከጀመረች ወዲህ ጎብጣ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ስትመክር ከርማ፣ በነሐሴ ሠላሳ ከሰዓት በኋላ አንድ ገንቦ አዝላ መጣች። ዳለቻ ሆዷ ከብዷት ከቁጥቋጦ ሥር ተጠግታ ስለነበር ቀበሮ አላየቻትም።

«ቦራዬ! እንኳን ለዚህ አበቃህ!»

«ለምኑ?»

«አገር የሰማው ዓመትህ ሞላ እኮ! መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት፣ ኅዳር ሦስት...» እያለች በጥፍሯ መሬት እየጫረች እስከ ነሐሴ ወረደች። «አሥራ ሁለት! አሥራ ሁለት ወር ዓመት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«ጳጉሜስ?»

«ጳጉሜ! አምስት ቀን ይዛ ወር ነኝ ልትል? በጳጉሜ ማን ሠርግ ደግሶ ያውቃል? የወር ቁራጭ ናት፣ የኔ ጌታ። ደግሞ ዛሬ ያመጣሁልህ አተላ አይደለም፤ ጉሽ ጠላ ነው፣ ከጋኑ አፍ የቀዳሁት። አንተ ከእንግዲህ የገንዳ ሰው አይደለህም፤ የዋንጫ ሰው ነህ!»

ያቺ ቃል ቦራ ልብ ውስጥ ገባች። «የገንዳው ባላባት» ሲባል የኖረ ነዋ። የጌሾው ሽታ መጣበት፤ አፍንጫው ሰፋ። አንገቱ ወረደ። ከንፈሩ የገንቦውን አፍ ነካ።

ዳለቻ ከቁጥቋጦው ሥር ሁሉንም ታያለች። አንድ ጩኸት በበቃው ነበር። ግን ዛሬ እሷ ጮኻ ብታስጥለው፣ ነገ እሷ በሌለችበት ማን ይጮህለታል? ያንን አገር ያወቀውን ምላሷን ነከሰች። ደም ደም አላት።

ቦራ ከንፈሩን አነሳ።

«እመት ቀበሮ፣ እኔ ቁጥር አልተማርኩም» አለ። «ጳጉሜ ወር ትሁን ቁራጭ አላውቅም። የእኔ ዓመት ያለው ዳለቻ ሆድ ውስጥ ነው። እሷ ስታወርድ ያን ጊዜ ይሞላል።»

ቀበሮ ጥርሷን አሳየች፤ ሳቅ መሆኑ ነው። «ተወው እንግዲህ። እዚያ መንገዱ ዳር ካለው ዋርካ ሥር አስቀምጥልሃለሁ፤ ጉሮሮህ ሲለምንህ ታገኘዋለህ።» ገንቦውን ከዋርካው ሥር ትታ ሄደች። የሄደችው ግን ወደ ቤቷ አልነበረም፤ ወደ አያ ጅቦ ጉድጓድ ነው። «ከሦስት ቀን በኋላ ና» አለችው። «ቦራ እስከዚያ ያኖርኩለትን ገንቦ ጠላ ጨርሶ እንደ ባዶ ስልቻ ተነጥፎ ታገኘዋለህ። አንተ ውርንጭላህን ትወስዳለህ፣ እኔ ውሃ ቀጂዬን እወስዳለሁ።»

ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። ፀሐይ እየወጣች ዝናብ ይዘንባል፤ ጠብታው ሁሉ ወርቅ ይመስላል። ዳለቻን ምጥ ያዛት። ቦራ ከአጠገቧ ቆሞ ሳለ ጆሮዎቹ ድንገት ዞሩ።

«ጅብ ነው። ከሦስተኛው ጉብታ ወዲያ» አለ። «አንካሳ እርምጃውን አውቀዋለሁ። ግን ደግሞ ይንገዳገዳል።»

ዳለቻ አንዳች አይሰማትም፤ ዝናቡ ብቻ። «ወደ ቋጥኙ ተጠጊ፣ ጀርባሽን ለድንጋዩ ስጪ» አላት። ያለ ክርክር አደረገችው።

አያ ጅቦ ብቅ ሲል እውነትም ይንገዳገዳል። ከዋርካው ሥር ገንቦውን አግኝቶት ነበራ! ጅብ ደግሞ መንገድ ላይ የተቀመጠ ነገር እንዴት ብሎ ያልፋል? ግጥም አድርጎ ጠጥቶት፣ ገንቦውንም ልሶት ነው የመጣው።

«አያ ቦራ!» አለ ዓይኑን እያጨናበሰ። «ምነው ቆምክ? ተኝቷል ተብዬ ነው የመጣሁት!»

«ማን ብሎህ?»

«እመት ቀበሮ ነቻ! ገንቦውን ጨርሶ ተነጥፏል አለችኝ። ውሸታም! ገንቦው ሙሉ ነበር፤ እኔው ነኝ የጨረስኩት! በል አሁን ተኛ፣ እኔም ቸኩያለሁ።»

«አልተኛም።»

«እንግዲያው በቁምህ» አለና ጅቡ ዘለለ። ግን በስካሩ ሁለት ቦራ ስላየ የሌለውን ነከሰ። ያለው ቦራ ዞሮ ሁለት የኋላ እግሩን አንድ ላይ አነሳ። በገደሉ ዙሪያ፣ በድንጋዩ መንገድ ዓመት ሙሉ የጠነከረ ሰኮና ነው። የመንጋጋ ድምፅ ጓ አለ። አያ ጅቦ ጥርሱን እየተፋ እስከ ሸለቆው ድረስ ተንከባለለ። ከዚያ ተነስቶ በቀጥታ የወረደው ወደ ቀበሮ ቤት ነበር፤ እዚያ የሆነውን እነሱ ይንገሯችሁ።

ቦራ አላናፋም፣ አልፎከረም። ፊቱን ሲመልስ ውርንጭላዋ መሬት ላይ ነበረች፤ እርጥብ፣ ጆሮዋ ከአካሏ የበለጠ፣ በሩፋኤል ዝናብ የታጠበች። ሦስት ጊዜ ወደቀች፣ በአራተኛው ቆመች። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው አዩዋት።

መስከረም አንድ ነጋ። አሁን በቀበሮም ቁጥር፣ በአገሩም ቁጥር፣ በዳለቻም ሆድ ዓመቱ ሞልቷል።

«ያልከውን አድርሰሃል» አለችው ዳለቻ።  «ከዛሬ ጀምሮ እርም የለብህም። የምይዝህ አይደለሁም።»

 ቦራ ጀርባውን ሰጥቷት ቁልቁል ወረደ። ዳለቻ ወዴት ብላ አልጠየቀችም፤ ኩሩ ናት። ውርንጭላዋን አጥብታ፣ እንዳላየ ሰው ዓይኗን ከመንገዱ ነቅላ ጠበቀች። ልቧ ግን ከጅቡ ቀን ይልቅ ይመታ ነበር። ያን ቀን ጠላቷ ከውጭ ነበር፤ ዛሬ ግን ካለ ያለው የባሏ ጉሮሮ ውስጥ ነው።

ተመልሶ መጣ። አፉ ይንጠባጠባል። ዳለቻ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው፤ አንዴ፣ ደግማም።

ውሃ ነው።

«ዛሬ ውሃው ከርቀት ሲጠራኝ ሰማሁት» አለ ቦራ እንደ ማፈር ብሎ። ከዚያ ወደ ሸለቆው ዞሮ፣ ጆሮውን አቁሞ ቆመ።

አህያ ጅብ ባለበት አገር ቆሞ ነው የሚያንቀላፋው። ዳለቻ ከተዳረች ጀምሮ አንድም ቀን ጎኗ መሬት ነክቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን፣ በጠራራው ፀሐይ፣ በሜዳው መካከል ጉልበቷን አጠፈች። በጎኗ ተጋደመች። አራት እግሯን ዘርግታ፣ አንገቷን ሣሩ ላይ ጥላ፣ እስክታንኮራፋ ድረስ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ቦራም ጥላው በፊቷ ላይ እንዲወድቅ ትንሽ ራመድ አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ መጠጥን ለዓመት እርም ያለ ሰው ትልቁ ትርፉ የራሱ ጤና ብቻ ሳይሆን፣ አጠገቡ ያለው ሰው ሳይሰጋ መተኛት መቻሉ መሆኑን ነው።