ከጭነት የወጣው አህያና አልወጣ ያለው ቁልፍ

ተረት ልጀምር ነውና ጆሯችሁን አቁሙ። የአህያ ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጋችሁ አቁሙ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት መኪና በሚነዱበት፣ የመኪናውም ዕቃ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ጫንያለው የሚባል አንድ አህያ ነበር። ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው። ሚስቱ ደብሪቱ ትባላለች፤ አንድ ልጃቸው ደግሞ አንጓች። አያ ጫንያለው ዕድሜውን ሙሉ ጤፍ ሲጫን፣ ጭድ ሲጫን፣ ድንጋይ ሲጫን ኖሮ ጀርባው ገጣባ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ በቃኝ አለ። ከእንግዲህ እኔ እጭናለሁ እንጂ አልጫንም አለና አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና መንዳት ጀመረ።

የዚያች መኪና ፍሬን የሚታመን አልነበረም። ስለዚህ አያ ጫንያለው በቆመ ቁጥር ይወርድና ከጎማዋ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ ይወትፋል። ነጂዎች ታኮ የሚሉት ነው። ድንጋዩን ታዲያ ከመንገድ አያነሣም። የራሱ ድንጋይ አለው፤ ከመቀመጫው ኋላ አስቀምጦት አብሮት ይዞራል። ይህን ድንጋይ ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

አህያ መኪና ነዳ ተብሎ ደግሞ ተረት አይቀርለትም። አገሩ ሁሉ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያለ ይተርትበታል። ይህች ነገር ሆዱን ታቃጥለዋለች። ቢቸግረው አሮጌዋን፣ ድንጋዩን ብቻ አስቀርቶ፣ ሸጠና አንዲት የምታብረቀርቅ፣ ማርሿ ራሱን በራሱ የሚቀይር የቤት መኪና ገዛ። ሻጯ እመት ጦጢት ነበረች። ሲቆም ማርሹን የት እንደሚያሳርፍ፣ ቁልፉን እንዴት እንደሚያወጣ አንድ በአንድ አስረዳችው። እሱ በመስታወቱ የገዛ ጆሮውን እያየ «ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ» ይላል። ያን የሚያህል ጆሮ ተሸክሞ አንዲት ቃል አልሰማም።

የገዛበት ቀን ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ ቀን አልነበረም። አንጓችን ለአንድ ውኃ አመላላሽ ጎረምሳ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ነው። አንጓችም ልጁን ትወደዋለች። በአህዮች አገር ወጉ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ አባት ካልተገኘ፣ «ልጄን አልሰጥም» እንዳለ ይቆጠራል። ሽማግሌም ዘንጉን አንሥቶ ይሄዳል፣ ሁለተኛም አይመለስም።

ደብሪቱ ይህን አስባ ዛሬስ ቤት ዋል ብላው ነበር። እሱ ግን ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ በሬና በግ፣ አንዱ ግን አባ ቦራ የሚባሉት ፈረስ መሆናቸውን ሰምቷል። ፈረስ ፊት በእግር መቅረብ ለአህያ ሞት ነው። ሽማግሌዎቹ ከመድረሳቸው በፊት መኪናዬን ከኮረብታው ሥር አቁሜ እጠብቃቸዋለሁ፣ ሲመጡ ያዩልኛል ብሎ ሊገዛት ሄደ።

መኪናዋን ይዞ ሲመለስ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ከኮረብታው ሥር መንገዱ ያልቃል፤ ከዚያ ወደ ቤት የእግር መንገድ ነው። አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶም እንደ ልማዱ ያን ድንጋይ ከጎማው ሥር ወተፈና በኮቴው መታ መታ አደረገው። ማርሹን ግን መሐል ላይ እንደ ነበረ ተወው። ድንጋይ ያለው ሰው ማርሽ ምን ያደርግለታል! ከዚያ ተመልሶ ቁልፉን ሊያወጣ ቢስበው አልወጣ አለ። ቢያዞረው አልዞር አለ።

ከመንገዱ ማዶ አያ ጅቦ ግራር ሥር ተጋድሞ ያያል። ቀስ ብሎ ራሱን አነሣና እንግዶችህ ቀድመውህ ወደ ቤትህ ሲወጡ አይቻለሁ፣ ቁልፉን እዚያው ተወውና ሂድ፣ መኪናዋን እኔ እጠብቅልሃለሁ አለው። የጅብን ጥበቃ መቼም ታውቁታላችሁ። አያ ጫንያለው በሩን ከውስጥ ጠረቀመና ከቁልፉ ጋር ትግል ገጠመ።

በመጀመሪያ በጉልበት ሞከረ። ሁለት እግሩን ከመሪው ሥር ተክሎ ቁልፉን በጥርሱ ነክሶ ጎተተ። ቁልፉ አቃሰተ።

«ጌታዬ፣ አንገቴን በጠስከው። እኔም እኮ እንደ አንተ ተይዤ ነው» አለው።

የቁልፉ ቀዳዳም ቀበል አድርጎ «ይልቅ ማርሹን…» ብሎ ሊነግረው ጀመረ። አያ ጫንያለው ግን ንዴት ሲይዘው ያናፋል። አናፋ። ኮረብታው ሁሉ አስተጋባ፤ የቀዳዳው ቃል በዚያ ጩኸት ውስጥ ጠፋ።

አያ ጅቦ ከግራሩ ተነሥቶ መንገዱ ዳር መጣ። የጠበቀ ነገር የሚላላው በቅቤ ነው ብሎ መከረው። አህያ ሆዬ ለሽማግሌዎቹ ወጥ የገዛው ቅቤ አጠገቡ ነበርና ሳያቅማማ ቀዳዳው ውስጥ አንቆረቆረው። ቅቤው ሞልቶ በመሪው ሥር ወረደ፣ በበሩም ሥር ተንጠባጠበ። ቁልፉ ግን ወይ ፍንክች።

ቀዳዳው እየተናነቀው «እኔ ቅቤ አልጠየቅሁም፣ ማርሹን…» ሲል አሁንም አናፋበት። አያ ጅቦ ደግሞ የሚንጠባጠበውን ቅቤ እልሳለሁ ብሎ ከጎማው አጠገብ ደረሰ። ምክሩ ለምን እንደሆነ አህያው ያን ጊዜ ገባው። ገባው እንጂ ቅቤው አልተመለሰ።

ጉልበትም ብልሃትም ሲያልቅበት ዓይን ነው አለ። መኪናዬን ዓይን በላብኝ፣ ያቺ ጦጣ ናት፣ አስተያየቷንስ አይቼው አልነበር! እትፍ እትፍ ብሎ ቁልፉ ላይ ተፋ። ከዚያ ተለሳለሰና ቁልፉን ይለምነው ጀመር፤ ብትወጣልኝ በየዕለቱ እወለውልሃለሁ፣ በክር አንጠልጥዬ አንገቴ ላይ አስርሃለሁ እያለ ተሳለ። ቀዳዳው ቅቤና ምራቁን እንደ ጎረሰ «እባክህ ስማኝ፣ ማርሹን…» ቢል ለሦስተኛ ጊዜ አናፋ። አያ ጅቦ አሁን በሩን ተደግፎ በመስኮቱ ያያል።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር» አለ ከንፈሩን እየላሰ። «የአህያ መኪናስ እንዴት ነች?»

አያ ጫንያለው አንዴ ኮረብታውን አንዴ ቁልፉን አየ። ጥሏት ቢሄድ መኪናዋ የጅብ ናት። ቢቀመጥ ልጁ ቀረች። ከጭነት አመለጥሁ ያለው አህያ ይኸው በገዛ መኪናው ታስሮ ተቀመጠ።

በዚህ መሐል አንጓች ከኮረብታው እየሮጠች ወረደች። ለሽማግሌ የለበሰችው ነጠላ አንድ ወገኑ መሬት ይጎተታል። ጅቡን ስታይ ደነገጠች፤ ቢሆንም አልተመለሰችም።

«አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ ደጅ ከቆሙ ቆዩ። እናቴ አሁን ይመጣል እያለች አፏ ደረቀ። አባ ቦራ ዘንጋቸውን አንሥተዋል።»

ቁልፉን አሳያት። ቅቤውን አየች፣ ምራቁን አየች፣ ጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አንተ የምትጠብቀው ማንን ነው?» አለችው። «እኔን ወይስ መኪናዋን?»

ሊያናፋ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣ አለው። እሷ ውርንጭላ ሳለች ጭነት እንዳይነካት ብሎ የእሷን ድርሻ በዚያ ገጣባ ጀርባው ላይ ደርቦ ይሸከም ነበር። ያ ሁሉ ትዝ አለውና አፈረ። አንገቱን ደፍቶ ለጅቡ ዝቅ ባለ ድምፅ ውሰዳት፣ ልጄ ትበልጥብኛለች አለው። ከዚያ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ።

አያ ጫንያለው ዝም ሲል መኪናዋ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። በዚያ ጸጥታ ማርሹ ከጎኑ ተናገረ።

«መሄድህ ካልቀረ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ጌታዬ። ከቆምን ጀምሮ መሐል ላይ ተገትሬ አለሁ። ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ግፋኝና አሳርፈኝ። እኔ ሳላርፍ ቀዳዳው ቁልፉን እንዳይለቅ ታዟል። መኪናዋ ተንከባልላ ሰው እንዳትገድል ነው።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ አህያው።

«ሦስቴ ጀመርንልህ» አለ ቀዳዳው። «ሦስቴም አናፋህብን።»

አያ ጫንያለው እግሩን መለሰና ማርሹን ወደ ፊት ገፋው። ቀጭ አለ። ቁልፉን ቢነካው፣ በዚያ ሁሉ ቅቤ ሙልጭ ብሎ ወጥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። አንሥቶ ወረደና በሩን ቆለፈ።

አያ ጅቦ ተኮሳተረ። «አሁን ውሰዳት ብለኸኝ አልነበር?»

«እኔ የምለውን እኔም አልሰማም» አለው አያ ጫንያለው፣ ልጁን አስከትሎ ሽቅብ እየሮጠ። ጅቡም አባትና ልጅ ባንድ ጊዜ ቢረግጡት የሚሆነውን አሰበና ቅቤውን ልሶ ሄደ።

ደጅ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዙረዋል፤ በሬውና በጉ ከፊት፣ አባ ቦራ ከኋላ ሆነው ቁልቁል ጀምረዋል። አያ ጫንያለው መንገዱ ላይ ተንበረከከ። አባ ቦራ ቆሙና የሽማግሌ እግር አስንቆ ያስቀረው ምን እንደሆነ ጠየቁት። ደብሪቱ ከኋላ ለቅሶ ላይ ነበርኩ በል እያለች ትጠቅሰዋለች። ለቅሶ ቢል ማንም አይነቅፈውም ነበር።

እሱ ግን ጥቅሻዋን እንዳላየ አለፈው። መኪናዋን ያመጣት አባ ቦራ እንዲያዩለት ብሎ መሆኑን ተናገረ። ጥርሱን፣ ቅቤውን፣ ምራቁን ሳይደብቅ ነገራቸው። ድንጋዩ ላይ ሲደርስ የገዛ ነገሩ ገና ያን ጊዜ ታየውና ሳቅ አፈነው።

«አባቶቼ፣ ከጭነት ወጣሁ ብዬ ለአገር አወራሁ» አለ። «ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ጭኜ ነው የምዞረው! ያውም ማንም ሳይጭነኝ፣ በፈቃዴ!»

በሬው ሳቀ፤ በጉ ሳቀ፤ አንጓችም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። አባ ቦራ ብቻ አልሳቁም፤ ዘንጋቸውን መልሰው መሬት ተከሉ።

«መኪናህን ከጅብ አስጥለሃል» አሉት። «አንተን ከራስህ ያስጣለችህ ግን ይህች ልጅ ናት። በራሱ ከሚስቅ አማት ጋር ልጃችን አይጎዳም። በል ተነሥ፣ እንግባ።»

ገቡ። ያለ ቅቤ የተሠራውን ወጥ በልተው መረቁ፣ አንጓችም ለወደደችው ተሰጠች። ሲመሽ አያ ጫንያለው ሽማግሌዎቹን ሊሸኝ ወረደ። መኪናዋ ማርሿ አርፎ፣ በሯ ተቆልፎ ቆማለች። ድንጋዩም ከጎማዋ ሥር እንደ ተወተፈ ነው። አባ ቦራ ድንጋዩን አዩና እሱን አዩት።

አያ ጫንያለው ጆሮውን አከከና «እሱ እንኳ ለማንኛውም ይሁን ብዬ ነው» አለ።

ተረቴ ይኸው ነው። ተረቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ድንጋዩን ግን ለአህያው ተዉለት። ነገር ሲጠብቅባችሁም ይህችን አስቡ፤ የያዘህን ሳታውቅ የያዝከውን አትጎትት።