መንገድ የሚያልፍበት ቤት

ከደረባ ወደ ቆላ በሚወርደው የእግር መንገድ ላይ፣ ሁለት ገደሎች በሚቀራረቡበት ጠባብ ቦታ፣ «አንገት ቤት» የሚባል ረጅም የድንጋይ ቤት አለ። መንገዱ በላይኛው በር ገብቶ በታችኛው በር ይወጣል። በውስጡ ቤተሰብ ይኖራል፤ ምድጃው ይነድዳል፣ ሕፃናት ይተኛሉ፣ መንገደኛውም ሰላምታ እየሰጠ በመካከላቸው ያልፋል። ሰው እንዴት መንገድ ላይ ቤት ይሠራል ብሎ ለሚጠይቅ፣ የደረባ ሽማግሌዎች በመጀመሪያ የሚያርሙት ጥያቄውን ነው፤ ቤቱ ሲሠራ መኖሪያ አልነበረም፣ መንገዱን ለመያዝ የተሠራ ኬላ ነበር ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን ነጋዴ ሁሉ በዚያ ቤት ውስጥ እያለፈ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ኬላው ሲቀር ዘበኞቹ የበሮቹን ሳንቃ ነቅለው ይዘው ሄዱ፤ ቤቱም ለጅብና ለጉጉት ተተወ። ሌላው መውረጃ ገደሉን የሚዞርና ጭነት የማያስኬድ ስለሆነ፣ የደረባ ሰው ቤቱን እየጠላም ቢሆን በዚያው ያልፍ ነበር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አትጠገብ የምትባል ሴት ቤቷን ናዳ ወሰደባትና፣ መራመድ ያቃታቸውን እናቷን በጀርባዋ አዝላ መጣች ይባላል። ኬላውን እንዲሰጧት ሽማግሌዎቹን ለመነች። እነሱም «ቤቱን ውሰጂ፣ መንገዱን ግን አንሰጥሽም» አሏት። ሁለቱን እንዴት እንደምትለያቸው የነገራት ግን አልነበረም።

አትጠገብ ጣሪያውን በሣር ከደነች፣ የግድግዳውን ጥላሸት ፋቀች፣ ቀራጩ ይቀመጥበት የነበረውን የድንጋይ መደብ የእናቷ መኝታ አደረገችው። ክረምት ሲገባ ግን ነፋሱ ከበር እስከ በር እየነፈሰ እሳቷን ያጠፋባት ጀመር፤ የእናቷም ሳል እየባሰ ሄደ። ሳንቃ የምታሠራበት አቅም ስላልነበራት የታችኛውን በር በድንጋይና በጭቃ ደፈነችው። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ እስከ ፋሲካ ካልከፈተች ከቤቱ እንደሚያስወጧት ነገሯት። «ነፋስ የሚያድርበት እኮ ሜዳ ነው፤ ቤት ሰጠን አትበሉ» ብላ መለሰችላቸው ይባላል።

ፋሲካ አልፎ ሊያስወጧት በተዘጋጁበት ሰሞን፣ ትደነቅ የምትባል ሙሽራ ከቆላ ወደ ደረባ ስትወሰድ፣ አጃቢዎቿ ከተደፈነው በር ፊት ደረሱ።

«እመት አትጠገብ፣ ይክፈቱልን እንጂ! ሙሽራ ይዘናል!» ሲል ሚዜው ጮኸ።

«በገደሉ ዙሩ» አለች ከውስጥ።

«ሙሽራ ይዞ ወደ ኋላ የሚመለስ የት አይተዋል? አማትየዋ ደጅ ቆማ እየጠበቀች እኮ ነው!»

«እኔስ እናት የለኝም?»

ጎረምሶቹ ግንቡን በዱላ መነቅነቅ ጀመሩ። ያን ጊዜ አሮጊቷ ከመደቡ ላይ ሆነው «ስለ እኔ ብለሽ ሰርግ ደጅ አታቁሚ። ክፈችላቸው፣ ልጄ» አሉ። አትጠገብም ዶማ አንሥታ፣ ራሷ የገነባችውን ራሷ አፈረሰችው።

ሙሽራዋን የያዘችው በቅሎ ገብታ ምድጃው አጠገብ ስትደርስ አልሄድም ብላ ቆመች። «ቀረጥ ልትከፍል ነው!» ብሎ ሚዜው ቢቀልድ ሁሉም ሳቀ። ሙሽራዋ ግን ነፋሱ የአሮጊቷን ልብስ ሲገልበው አይታ ነበርና፣ ከበቅሎዋ ወርዳ ካባዋን አወለቀችና በፈረሰው በር ላይ ጋረደችው። አንዳንዶች ካባ ሳይሆን ኩታ ነበር ይላሉ፤ በዚህ ላይ ታሪኩን የሚነግሩ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ደረባ ስትደርስ አማትየዋ ደነገጠች። «ምነው ልጄ፣ ካባሽ የት ቀረ?»

«በር ሆኗል» አለች ትደነቅ።

የሙሽራው አባት በማግስቱ ከገዛ በረቱ የወይራ ሳንቃ ነቅሎ ወደ አንገት ቤት ወረደ፤ ሌሎቹ የደረባ ሰዎችም አፍረው ተከተሉት። ለሁለቱም በሮች የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ ተሠራ። ሽማግሌዎቹ ቤቱን ለአትጠገብና ለዘሯ አጸኑላት፤ መንገዱም መንገድ ሆኖ ቀረ፤ ያለፈ ሁሉ ግን ከኋላው እንዲዘጋ ደንብ ወጣ።

ዛሬ የመኪና መንገድ በሌላ በኩል ወጥቷል። ሙሽሮች ግን በአንገት ቤት ማለፍን አልተዉም። ከቆላ የመጣች ሙሽራ በታችኛው በር ስትገባ ሚዜ አይረዳትም፤ መዝጊያውን በገዛ እጇ ትገፋዋለች፣ እስኪገጥም ድረስም ከበሮው ዝም ይላል። ከዚያ በቤቱ በዕድሜ የገፉት ሰው ከመደቡ ላይ ሆነው «እሰይ፣ ሞቀን» ይላሉ፤ ዘፈኑም ከቆመበት ይቀጥላል።