የአረቡ ሶላርና የቡፌው መስታወት

ሰው ጉድፉን ሊሸፍን ሲል የነበረውንም ሲያጣ፣ የጨፌ በር ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ዕድሜዋ ገና ነው፤ የተወለደችውም ከፀጉር አስተካካዩ ከአረቡ ጣሪያ ላይ ነው።

መብራት ባልገባበት በዚያ መንደር የአረቡን የፀጉር መቁረጫ ቶንዶስ የምታሠራው ቆርቆሮው ላይ የታሰረች ትንሽ ሶላር ነበረች። አንድ ቀን ከማሽላ ማሳ ወፍ ለማባረር የተወነጨፈ ድንጋይ መጥቶ መስታወቷን አገኛት። ባትበተንም ከዳር እስከ ዳር የሸረሪት ድር መሰለች። አረቡ መሰላል አስደግፎ ወጣ። አቧራዋን በለስላሳ ጨርቅ ጠረገ፤ ስንጥቁን ጥርት ባለ ማጣበቂያ ስስ አድርጎ ቀባ፤ ውሃ እንዳይገባባት ጠርዟን በሲሊኮን ደፈነ። ገመዱን ሲሰካ የባትሪው አረንጓዴ መብራት ቦግ አለ።

“አልሐምዱሊላህ! አለሁ አለችኝ!”

እዚህ ላይ ቢተዋት ደግ ነበር። ግን ሐሙስ ሙሽራው ኑርዬ ከነሚዜዎቹ ሊስተካከል ቀጠሮ ይዟል። በጨፌ በር ሙሽራ የተሰበረ ዕቃ ካለበት ቤት ከተቀመጠ ገዱ አያምርም ይባላል። አጃቢው ደግሞ በር ላይ ሲጨፍር ቀና ማለቱ አይቀርም። አረቡ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ቤቱን ቢያየው ቢያየው፣ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ስንጥቁ ብቻ ሆነ።

ረቡዕ ጠዋት ሚስቱ ዘሐራ ገበያ እንደወጣች የቡፌዋን በር መስታወት ፈታው፤ ቡናማ ነው፣ ጽጌረዳ የታተመበት። ሶላሯ ላይ ልክክ አለ። ዙሪያውን በሲሊኮን አጣበቀው።

ዘሐራ ተመልሳ ዘንቢሏን ሳታወርድ ቀና አለች።

“አንተ ሰውዬ፣ ቡፌዬ ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል?”

“ሰርጉ እስኪያልፍ ነው ዘሐርዬ። አላማረም?”

“ማማሩንስ አምሯል። ፀሐይ ያሳልፋል ወይ?”

“መስታወት አይደል እንዴ! መስታወት ደግሞ መቼ ፀሐይ ከልክሎ ያውቃል?”

ማታ በቀረው ባትሪ አምፖሉን አብርቶ ቶንዶሱን ሲወለውል አመሸ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ኑርዬ ወንበሩ ላይ ተሰየመ። “የአረቡ ሶላር አበባ አወጣች!” የሚል ድምፅ ከውጭ ሲሰማ አረቡ ደረቱን ነፋ። ቶንዶሱ የሙሽራውን ግራ ጎን ጨርሶ ማጅራቱ ላይ ሲደርስ አቃሰተ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

“ምነው ቆምክ?”

“ባትሪው… ትናንት ምንም አልጠጣም መሰለኝ።”

“አረቡ! ኒካው እኮ ስድስት ሰዓት ነው! በግማሽ ራስ ልታጋባኝ ነው?”

“አብሽር ሙሽራው” አለ አንዱ ሚዜ፣ “በግራህ በኩል ብቻ ታይላት!”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አረቡን ግን ላብ አጠመቀው። መዶሻ ይዞ መሰላሉ ላይ ወጣ።

“መዶሻውን አስቀምጥ!” ጮኸች ዘሐራ። “ከሥር ያለችውንም ልትጨርሳት ነው?”

ሲባጎ ይዛ ተከተለችው። ሲሊኮኑ ገና አልጠነከረም ነበር። ክሩን በመስታወቱ ሥር ሸጉጠው፣ እሱ ከዚህ እሷ ከዚያ፣ እንደ መጋዝ ይስቡት ጀመር። አጃቢው “ሳብ! ሳብ!” እያለ ዜማ አወጣላቸው። ባለ ጽጌረዳው መስታወት ሳይጫር ተነሣ። ፀሐይዋም እዚያ ስንጥቅጥቅ ላይ አርፋ ተንቆጠቆጠች፤ አረንጓዴው መብራት በራ።

ባትሪው እስኪጠጣ ኑርዬ ነጠላ ተከናንቦ ከሚዜዎቹ ጋር ሲቀልድ ቆየ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ራሱ ተስተካክሎ፣ ሽቶ ተረጭቶ እየሣቀ ወጣ። አረቡም ላቡን ጠርጎ ሣቀ።

የሙሽራው አጎት አባ ይማም ግራር ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ሲያዩ ነበር። ዘሐራ ብብቷ ሥር ያደረገችውን መስታወት አዩ፤ ጣሪያውን አዩ፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና፦

“አይ አረቡ፣ ስንጥቅ ሲደብቁ ፀሐይ ይነጠቁ!” አሉ።