ጃርት፣ ቁራና «አሉ» የምትባል ቃል

ተረት ልጀምር ነው፤ የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠም ወሬውን ይቁረጥ። እንስሳት እንደኛ ያወሩ በነበረበት፣ ጎተራና ቁናም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ተራራ ዙሪያ የሚኖሩ አራዊት ነበሩ።

አንድ ዓመት ክረምቱ ከፋባቸው። ጉልበት ያለው ሮጦ በላ፤ ጉልበት የሌለው በቤቱ ተኝቶ ቀረ። ዝናቡ ሲያባራ የብዙ ደካሞች ቤት ጭር ብሎ ተገኘ። ይህን ጊዜ አንበሳ ሸንጎ ጠርቶ፣ «ከእንግዲህ ያጨደ ሁሉ ለጋራ ጎተራ ገብስ ይስጥ። ገብሱም በክረምት ለሽማግሌ፣ ለአንካሳና ለአራስ ይሰፈር» ብሎ አዘዘ። ሁሉም ተስማሙ። መስጠቱስ ደግ ነበር፤ ግን ማን ይጠብቀው?

«ጅብ ይጠብቅ» ቢባል ሁሉም ሳቀ። «ዝንጀሮ ይጠብቅ» ቢባል ዝንጀሮ ራሱ ሳቀ። በመጨረሻ ጃርትን መረጡ። ጃርት ሥር ቆፍራ ትበላለች እንጂ ገብስ አይጥማትም፤ ደግሞም እሾሃም ስለሆነች ማንም አቅፎ ሊያባብላት አይችልም። «ለጥበቃ ከእሷ ወዲያ ላሳር!» ተባለ።

ጃርት ሹመቱን ተቀበለች፤ ከሹመቱ ጋርም ጭንቀቱን ተቀበለች። «ይህ ገብስ እሸት እስኪደርስ ካልዘለቀ፣ እንዳምናው ደካማ ሁሉ ያልቃል» ትል ነበር። ይህን አሳብ ይዛ ትተኛለች፤ ይህንኑ አሳብ ይዛ ትነሣለች።

ነገር ግን ከደካሞቹ ብዙዎቹ የሚኖሩት ከገደሉ ማዶ ነበር። ገብሱን ማን ያድርስላቸው? ቁራ ብድግ አለ። «እኔ ክንፍ አለኝ፤ ገደል ለእኔ ምኔ ነው? በስልቻ በስልቻ እያደረግሁ አደርሳለሁ» አለ። ያን ጊዜ «የቁራ መልእክተኛ» የሚባለው ነገር ገና አልተተረተም ነበርና ማንም አልጠረጠረውም።

የስፍር ቀን ሲደርስ ጃርት በጎተራው ደጅ ተቀምጣ ስም ትጠራለች።

«አያ ከርከሮ?»

«አሉ» ይላል ቁራ።

ቁና ትሞላለች፤ ወደ ስልቻው ትገለበጣለች።

«እመት ሚዳቋ?»

«አሉ።»

ቁና ትሞላለች፤ ትገለበጣለች።

«እማማ ዔሊ?»

«አሉ።»

ቁራ ይህችን «አሉ» ጉሮሮው ውስጥ ያድበሰብሳታል፤ ትጥበቅ ትላላ አትታወቅም። ጃርት ግን፣ «ምን ያለ ጨዋ ወፍ ነው! ሁሉን አንቱ ይላል» እያለች ታደንቀው ነበር። እኛስ ብንሆን? ለአንቱታ የማይሸነፍ ማን አለ።

አንድ ቀን ጎተራ አቃሰተ። «እመት ጃርት፣ ወገቤ ባዶ ሆነ። ክረምቱ ገና አልተጋመሰም፤ በዚህ አያያዝ እሸት ሳይደርስ አልቃለሁ» አላት።

ጃርት ክው አለች። ዞር ብላ ቁና ላይ አፈጠጠች። «ሌባዋ አንቺ ነሽ! ጠርዝሽ ሰፍቷል፤ ብዙ እየያዝሽ ጎተራዬን አስጨረሽኝ!»

«እኔ?» አለች ቁና። «ከአክርማ ከተሰፋሁ ጀምሮ ልኬ ያው ነው። ስንት እንደምይዝ አውቃለሁ፤ ማን ሆድ እንደምገባ ግን አላውቅም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።»

ጃርት አልሰማቻትም። «ከዛሬ ጀምሮ ቁና በቁልል አይሰፈርም» ብላ አወጀች። ሲሰፈር በእጇ እየጠረገች ቁልሉን ወደ ጎተራው ትመልስ ጀመር። አራሷ ጥንቸል ቁልሉ ሲጠረግባት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጎተራው ደግሞ መጉደሉን አልተወም። ድሮስ ያጎደለው ቁልሉ መች ሆነና!

ጃርት እንደገና አሰበች። አሰበችና ሁለተኛ አዋጅ አወጣች። «ከዛሬ ጀምሮ በእግሩ መጥቶ ያልታየ አይሰፈርለትም።»

በስፍር ቀን ደጁ በተሰላፊ ሞላ። ጥንቸል ልጆቿን ታቅፋ መጣች። ዝንጀሮም መጣ። ዝንጀሮ ሲመጣ በቀኝ እግሩ ያነክሳል፤ ተሰፍሮለት ሲመለስ በግራው ያነክሳል። መጥቶ ታይቷልና ተሰፈረለት። ከገደሉ ማዶ ግን አንድም የመጣ አልነበረም። ጎተራውም መጉደሉን አቆመ ማለት ይቻላል።

አንበሳ ሊጎበኝ መጣ። ከባዶው ወገብ በታች ያለውን የጎተራውን ሆድ በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ «ሞልቷል! እንዲህ ነው እንጂ ጠባቂ!» አለ። ሸንጎው አጨበጨበ። ጃርት እሾኋን አንዠረገገች፤ በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም።

አንበሳ ከሄደ በኋላ ቁና ከጥግ ሆና ቀስ ብላ ተናገረች። «እመት ጃርት፣ አይቆጡኝና፣ ጎተራ የተሠራው ሊሞላ ነው ወይስ ሊሰጥ?»

ይህች ጥያቄ ጃርትን ከነከነቻት። ቁራን አስጠራችው።

«አያ ቁራ፣ እነዚያ ከገደል ማዶ ያሉት ለምን ቀሩ?»

«ደህና ናቸው አሉ።»

«እማማ ዔሊስ?»

«ጠግበዋል አሉ።»

«እሱን የነገረህ ማን ነው?»

ቁራ ወዲያና ወዲህ አየ። «እንጃ፤ ሰው ነው» አለና ብር ብሎ ሄደ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ጃርት ዘግይታም ቢሆን ጠረጠረች።

በማግስቱ ገብስ የሞላ ስልቻ በአንገቷ አንጠልጥላ፣ ቁናን በራሷ ላይ ደፍታ ገደሉን ወረደች። ዝናቡ ይዘንባል፤ ጭቃው እግር ይይዛል። አቀበቱ ላይ ስትደርስ ቁና ቁና ትተነፍስ ጀመር።

«ስሜን አያባክኑት» አለቻት ቁና፣ «ገና ብዙ አቀበት ይቀረናል።»

መጀመሪያ የደረሱት ከከርከሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታለች።

«አያ ከርከሮ የሉም?» አለች ጃርት።

«አያ ከርከሮማ በዘር ወቅት አረፉ» አለች ሸረሪት። «እኔ ቤቱን ከተረከብሁ ቆየሁ። አልሰማሽም እንዴ?»

ጃርት ያን ሁሉ ቁና አስታወሰች። ስም ስትጠራ፣ «አሉ» ሲባል፣ ቁና ሲሞላ፣ ሲገለበጥ። እሾኋ ቆመ፤ በንዴት ጥርሷን እያፋጨች ወደ ሁለተኛው ቤት ሄደች።

ሁለተኛው የሚዳቋ ቤት ነበር። ሚዳቋ እግሯ የተሰበረ ናት። ቤቷ ባዶ ነው። ከቤቷ ወደ ገደሉ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል።

«እመት ሚዳቋን አይተሃታል?» አለችው።

«አይቻታለሁ» አለ ድንጋዩ። «ስልቻ መጥቶላት አያውቅም፤ ቅጠል እየለቃቀመች ነበር የምትኖረው። ሰሞኑን ‹ያልመጣ አይሰፈርለትም› የሚለውን ሰማችና፣ ‹መጥቼ ብታይማ ይሰፈርልኛል› ብላ ተነሣች። እየተጎተተች እዚህ እኔ ዘንድ ደረሰች። ትንሽ ልረፍ ብላ ተጋደመች። ከዚያ በኋላ አልተነሣችም።»

ጃርት ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ንዴቷ ጠፋ። ቁራን ልትረግም አፏን ከፈተች፤ ግን ያ አዋጅ የቁራ አልነበረም፤ የራሷ ነበር። ከአንጀቷ አለቀሰች።

ሦስተኛው የዔሊ ቤት ነበር። ጃርት ከደጅ ቆመች። ለመጥራት ፈራች። «ዛሬ ደግሞ ምን ልሰማ ይሆን?» አለች በልቧ። እንደምንም ድምጿን አወጣች።

«እማማ ዔሊ! አሉ?»

መልስ የለም። ዝናቡ ብቻ ይወርዳል።

«እማማ ዔሊ! ኧረ አሉ?»

አሁንም መልስ የለም። ጃርት ሦስተኛ ልትጣራ ስትል፣ ከዔሊ የድንጋይ ልብስ ውስጥ ደከም ያለ ድምፅ ወጣ።

«አለሁ።»

ጃርት ሮጣ ገባች። ገብሱን ሰፈረች፤ ቁልሉን አልጠረገችም። ዔሊ ጥቂት ከቀመሱ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጎተራው ባዶ ሆኗል አሉ ብሎ ቁራ ነግሮኝ ነበር» አሏት።

«እኔንም ‹እማማ ዔሊ አሉ› እያለኝ ድርሻዎን ሲወስድ ነበር፤ አመንሁት።»

ዔሊ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ‹አሉ›ን ማንም ይለዋል። ‹አለሁ›ን ግን ከባለቤቱ በቀር የሚለው የለም። ምነው አንድ ቀን እኔን ብትጠይቂኝ?»

ሸንጎ ተጠራ። ጃርት ያየችውን ሁሉ ተናገረች። አንበሳ በቁራ ላይ አገሣ።

«ለሞተ እየተቀበልክ፣ ያለውን ታስርባለህ? ስም ሲጠራ ‹አሉ› አላልክም?»

ቁራ አንገቱን ሰበር አደረገ። «ብያለሁ ጌታዬ። ግን አላልቼ ነው ያልሁት። ላልቶ ሲነገር ወሬ ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው። እኔ ወሬ አወራሁ፤ አጥብቃ የሰማችው እሷ ናት። ያላላሁትን ብታጠብቀው የእኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?»

ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። ዝንጀሮማ ማነከሱን ረስቶ ዘለለ። አንበሳ ራሱ ሳቁን በጢሙ ውስጥ ደበቀ።

ጃርት ግን አልሳቀችም። «እውነቱን ነው» አለች። «ቃሉን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ጥበቃውን ያላላሁትም እኔ ነኝ። ማመን ቀለለኝና አመንሁ። ሲጎድልብኝ መጀመሪያ ከደካማ ቁና ላይ ቀነስሁ፤ ቀጥዬ መሄድ ያልቻለውን ና አልሁት። ጌታዬ፣ ጎተራው ሞላ ብለው ባመሰገኑኝ ጊዜ ሚዳቋ መንገድ ላይ ተጋድማ ነበር። የሞላው በእሷ ድርሻ ነው። ሻሩኝ።»

ሳቁ ቆመ። ዝንጀሮም ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ገብሱስ የት አለ?» አለ አንበሳ።

ቁራ ወደ ገደሉ ዋሻ እየመራ ወሰዳቸው። ገብሱ ተከምሯል፤ ነገር ግን ዝናብ ገብቶበት ከፊሉ በቅሏል፣ ከፊሉ ሻግቷል፣ ከፊሉን ነቀዝ ዱቄት አድርጎታል። ለአንድ ጫጩት እንኳ የሚሆን አልተገኘበትም።

«ይህን ሁሉ ምን ልታደርገው ነበር?» አለ አንበሳ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲሉ ሰምቼ ነዋ» አለ ቁራ።

«ታዲያ በላኸው?» አለች ቁና።

አንበሳም፣ «ከዛሬ ጀምሮ በአንተ አይላክም፤ አንተም አታደርስም። ይህን የሻገተ ገብስ ግን በመንቁርህ እየለቀምህ ዋሻውን ታጸዳለህ» ብሎ ፈረደበት። ቁራ ዛሬም ቆሻሻ ላይ ሲለቃቅም የምታዩት ፍርዱን ስላልጨረሰ ነው ይባላል።

ከዋሻው ሲመለሱ በዔሊ ደጅ አለፉ። አንበሳ ቆሞ፣ «እማማ ዔሊ፣ ጃርት ሻሩኝ ትላለች። እርስዎ ምን ይላሉ?» አላቸው።

«እሷን ሽራችሁ ሌላ ብትሾሙ፣ እሱም ቤቴን እስኪያውቅ ክረምቱ ያልቃል» አሉ ዔሊ። «እሷ መንገዱን አውቃዋለች። ሚዳቋ የት እንደወደቀችም ታውቃለች። ይህን የማያውቅ እንዳይጠብቀኝ።»

ጃርት አልተሻረችም። ከዚያ በኋላ በየስፍሩ ስልቻዋን አንጠልጥላ በየደጁ ትሄዳለች። ለ«አሉ» አይሰፈርም፤ «አለሁ» ላለ ቁና በቁልሉ ይሰፈርለታል። ዝንጀሮንም ደጁ ላይ ስትደርስ እንጨት ጫፍ ላይ ሲዘል አገኘችውና፣ «ያቺ እግርህ እንኳን ተሻላት!» ብላው አለፈች። ጎተራውም እሸት እስኪደርስ ዘለቀ።

ከጠፍጣፋው ድንጋይ ስትደርስ ግን ጃርት ሁልጊዜ ትቆማለች። ቁናን ከራሷ ታወርዳለች፤ ገብስ ትሞላለች። «እመት ሚዳቋ?» ብላ ትጣራለች። ትንሽ ትጠብቃለች። «አለሁ» የሚል የለም። ገብሱን ወደ ስልቻው መልሳ ወደ ቀጣዩ ቤት ትሄዳለች።

«አሉ» ሲባል የሚሰፍር ሌባ ያጠግባል፤ «ኑ» እያለ የሚሰፍር ደካማ ይገድላል፤ ሄዶ የሚያይ ግን እሸት ያደርሳል። ተረቴን ለጎረቤት አድርሱልኝ፤ ታዲያ በእግራችሁ ሄዳችሁ እንጂ በቁራ እንዳትልኩት።