ሳይከፈት የተመሰገነው የሽቶ ሣጥን

አንድ የድሮ የሽቶ ሣጥን እየሰበሰበ የሚሸጥ ይመር የሚባል ነጋዴ ነበር። ውስጣቸው ከፋይ የለበሰ፣ ክዳናቸው በወርቅ ቀለም ያጌጠ ሣጥኖች ሱቁን ሞልተውታል። የልብ ወዳጁ እንድሪስ አዲስ ቤት ሲገባ ከሁሉ የሚያምረውን መርጦ፣ በሐር ሪባን አስሮ ወሰደለት። መቼም ስጦታ በሰጪው ፊት ከፍቶ ማየት ነውር ነውና እንድሪስ አመስግኖ መደርደሪያው ላይ አኖረው።

ይመር ሱቁ ሲመለስ ሣጥኑ ውስጥ ሊከተው የነበረው የሽቶ ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። ለካ የሰጠው ባዶ ሣጥን ኖሯል! ምን ብሎ እንደሚነግረው ሲጨነቅ ሰነበተና በሳምንቱ መንገድ ላይ ተገናኙ።

«ወንድሜ፣ ያ ሽቶህ እኮ ቤቱን በመዓዛ ሞላው!» አለው እንድሪስ።

ይመር ግራ ገባው። እያሾፈብኝ ይሆን? ወይስ ተቀይሞኝ በአሽሙር መናገሩ ነው? ወይስ ባዶ ሣጥንም ይሸታል? ቢያስበው ቢያስበው አልገባህ አለው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና ሳልቀደም ልቅደም ብሎ ብልቃጡን ይዞ እንድሪስ ቤት ሄደ።

ሣጥኑ እንደታሰረ ነው። ሪባኑ እንኳ አልተነካም።

«ሳትከፍተው ነው እንዴ መዓዛውን ያሞገስከው? እኔ እኮ ወዳጄን አዋረድኩት ብዬ ስቃጠል ከረምኩ!» አለ ይመር በንዴት።

እንድሪስ ትክ ብሎ አየው። «አምና ለዓመት በዓል የሰጠሁህን ሣጥንስ አንተ ከፍተኸዋል?»

«እንዴታ! አመስግኜህ የለም እንዴ?»

«ማመስገኑንስ አመስግነኸኛል። ግን ውስጡ ደብዳቤ ነበር። በአፌ መናገር አፍሬ ነው የጻፍኩልህ። ዓይኔን ቀዶ ሕክምና ልደረግ ነው፣ ፈርቻለሁ፣ አጠገቤ ሁን ብዬህ ነበር። ብቻዬን ገብቼ ብቻዬን ወጣሁ። አንብበህ ዝም ያልከኝ መስሎኝ፣ ያንተንም ስጦታ ለመክፈት ልቤ እምቢ አለኝ፤ ያመሰገንኩህ ለወጉ ያህል ነው።»

 ይመር ያን ሣጥን ሪባኑን ሳይፈታ ለሌላ ሰው ሠርግ ሰጥቶታል። አሁን ይቅርታ የሚጠይቀው ስለ የትኛው ሣጥን እንደሆነ ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ።

ወዳጆቼ፣ ምስጋና ጥሩ ነው፤ ያልከፈትነውን ማመስገን ግን ሰጪውን ዝም በል እንደማለት ነው። እንግዳው ከወጣ በኋላ ስጦታውን ክፈቱት፤ የሰው ጭንቀት ብዙ ጊዜ አጊጦ ነው የሚመጣው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሳትከፍቱት ያመሰገናችሁት የማንን ነው?