ከየቱ ዕቃ ልቀንስ?

አንድ የጌም ተጫዋች ነበረ፤ ታላቅ ወንድምም ነበረው።

የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው፣ ብሬ ግን አልሞላልኝም፤ ከየቱ ዕቃ ልቀንስ?» ነው ያልከኝ። እዚህ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይህንኑ ያልጠየቀኝ የለም። ስማኝ፤ መልሱ ያለው በዚህ ልጅ ታሪክ ላይ ነው።

ወንድማማቾቹ በአንዲት ክፍል ቤት ይኖሩ ነበር። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ኮርኒሷ የማዳበሪያ ከረጢት፣ መሃሏ በኮምፐርሳቶ የተከፈለ። ወላጆቻቸው ቶሎ ስላለፉ ታናሹን ያሳደገው ታላቁ ነው። ታላቁ ማታ ማታ አንድ መጋዘን ይጠብቃል፤ ጠዋት ይገባና ከኮምፐርሳቶው ወዲያ ይተኛል። ቆሞ ያደረ ሰው እንቅልፉ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ፤ ቤት ቢፈርስበት አይሰማም።

ታናሹ መኪና ያጥባል። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ የሚያሳልፈው ጌም ቤት ነው። ጨዋታውን ታውቀዋለህ፤ የራስህን ሰው ፈጥረህ፣ ስም አውጥተህለት፣ በኢንተርኔት ከማታውቀው አገር ሰዎች ጋር ቡድን ገብተህ ቀስ በቀስ የምታሳድገው ነው። የእሱ ሰው ጋሻ ያዥ ነበር። ከፊት ቆሞ ምቱን ሁሉ ይቀበላል፤ ጓዶቹ ከኋላው ሆነው ይዋጋሉ። ጋሻ ያዥ መሃል ላይ ከጠፋ ቡድኑ አለቀለት ማለት ነው። እሱ ደግሞ ይጠፋ ነበር። የጌም ቤቱ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ሲፈልግ ይደርቃል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። በመጨረሻ የቡድኑ አለቃ «ወይ የራስህን ማሽን አምጣ፣ ወይ ቦታህን ለሌላ ልቀቅ» ብሎ ጻፈለት።

ለሌላው ሰው ይህ ቀልድ ነው። ለእሱ አልነበረም። ሰፈር ውስጥ «አንተ!» ተብሎ የሚጠራ፣ ሲያልፍ ማንም ቀና ብሎ የማያየው ልጅ፣ ቢቀር የሚፈልገው ሰው ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ብር አጠራቀመ። ታላቁም ከደሞዙ ጨመረለት። «ያን የጨዋታህን ዘንዶ ስትገድለው ቆዳውን አምጣልኝ፤ መጋዘኑ ይበርዳል» አለው እየሳቀ።

ልጁ ዕቃ መምረጥ ጀመረ። ፕሮሰሰሩን ያገለገለ ገዛ፤ አልተሳሳተም። ራሙን በልኩ አደረገ፤ አልተሳሳተም። ኬዙ የተጫረ ነበር፤ ቢጫርስ ምን አለበት? የስክሪኑን ምስል የሚያሳምረው ግራፊክስ ካርድ ላይ ሲደርስ ግን ልቡ ሸፈተ። አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ለዚያ ጨዋታ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ከፍ ያለውን፣ ፋኑ ሲዞር በቀለም የሚያብለጨልጨውን ገዛ። ለፓወር ሰፕላዩ የቀረው ፍርፋሪ ነው። ፓወር ሰፕላይ ማለት ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት ተቀብሎ ለሌላው ዕቃ ሁሉ በልኩ በልኩ የሚያካፍለው ሳጥን ነው።

አንድ ሻጭ መከረው። «ካርዱን መልሰህ ዝቅ ያለውን ውሰድ። ፓወሩን ደህና ግዛ።»

«ኧረ ባክህ! ፓወር ስክሪን ላይ ይታያል እንዴ?»

«አይታይም።»

«እና?»

«እናማ አልሸጥልህም። ሌላ ጋ ሂድ።»

ሌላ ጋ ሄደ።

በዚህ ሥራ ፓወር ላይ የተጻፈውን ቁጥር የሚያምን የለም። ወረቀት የጻፉበትን ይሸከማል። ስለዚህ በእጃችን እንመዝነዋለን፤ ውስጡ በቂ መዳብና ብረት ያለው ይከብዳል፣ ባዶው ይቀላል። አጭበርባሪውም ይህን ልማዳችንን ያውቃል። ቀላሉን ሳጥን ይፈታና የሲሚንቶ ቁራጭ ለጥፎበት መልሶ ያስረዋል። ልጁ ይህንንም ሰምቷል። ሌላ ሱቅ ያገኘውን ፓወር አነሳው፤ ከበደው፤ ደስ አለው። ከዚያ ነቀነቀው። ውስጡ ኳ አለ።

«ምንድነው የሚያንኳኳው?»

«ብሎን ይሆናላ! ከፈራህ ፍታው። ስቲከሩ ከተቀደደ ግን አልመልስልህም፣ ወንድሜ፤ ከወዲሁ ልንገርህ።»

አራት ብሎን ብቻ ነው። መፍቻው ኪሱ ውስጥ አለ። ነገር ግን ፈቶ ሲሚንቶውን ቢያገኘውስ? ደህና ፓወር መግዛት ሊኖርበት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ካርዱን መመለስ ሊኖርበት ነው። ካርዱ ከነካርቶኑ ብብቱ ስር ነበር። ቆሞ አሰበ። ከዚያ መነቅነቁን ተወ። ዕቃው እንዳያንኳኳ ቀስ ብሎ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው እየተራመደ ይዞት ወጣ።

ማሽኑ ሠራ። ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሠራ። ጋሻ ያዡ ከቡድኑ ፊት ቆመ፣ ሳይጠፋም ዋለ፤ አለቃው አመሰገነው። ታላቁ አንዳንድ ቀን ከመተኛቱ በፊት ከኋላው ቆሞ ያያል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ዕቃህ ምን ምን ይላል? ሽሮ ያረረበት ነው የሚመስለው።»

«ጋሼ ደግሞ! አዲስ ዕቃ እንዲህ ነው። ሙቀቱን እስኪለምደው ነው።»

«የኔ ሳንባ እስኪለምደው ነው በለኛ» አለና ገብቶ ተኛ።

በፊት በራቸው በገመድ ነበር የሚታሰረው። ምን ይሰረቃል ብለው! ካርዱ ከመጣ ወዲህ ግን ታናሹ ጥሩ ቁልፍ ገዛ፤ ሲወጣም ከውጭ ይቆልፋል። ታላቁ ውስጥ ተኝቶ ቢሆንም ይቆልፋል። እስኪነቃ እመለሳለሁ ይላል፤ ደግሞም ይመለስ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጨዋታው ትልቅ ማሻሻያ አመጣ። ካልጫኑት መግባት አይቻልም። ልጁ ማውረድ እንደ ጀመረ መብራት ጠፋ። እኛ ደግሞ ልማድ አለን፤ መብራት ስትመጣ አንዲት ደቂቃ እንዳትባክን ማሽኑን ሳንነካው ራሱን በራሱ እንዲያበራ አድርገን እናስተካክለዋለን። እሱም እንደዚያ አድርጎት ነበር። ገመዱን ከሶኬቱ ሳይነቅል፣ በሩን ቆልፎ መኪና ሊያጥብ ሄደ።

መብራት ስትመጣ በጉልበት ነው የምትመጣው። ደህና ፓወር ያን ምት በራሱ ላይ ይቀበላል፤ ቢሞት ብቻውን ይሞታል። ያኛው ምቱን የሚቀበልበት ነገር አልነበረውም። ነደደ። ከእሱ ወደ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ወደ ማዳበሪያው ኮርኒስ ወጣ።

ጎረቤቶች ጭሱን አይተው ውሃ በጀሪካን ይዘው ሮጡ። ቁልፉን በድንጋይ መቱት። ልጁ ቁልፍ ሲገዛ ከዋጋው አልቀነሰም ነበርና ቶሎ አልሰበር አለ። አንዱ ወደ መኪና እጥበቱ ሮጠ። ልጁ እጁ አረፋ እንደሆነ፣ መክፈቻውን ይዞ ሲደርስ በሩ ተሰብሮ ነበር። ወንድሙን ደጅ አውጥተው፣ ነጠላ አልብሰውት አገኘው።

ለቅሶ ላይ ሰዎች «ሳይነቃ ነው፣ ምንም አልተሰማውም» እያሉ አጽናኑት። በሩን የሰበሩት ግን፣ በሩ ከውስጥ ሲደበደብ ሰምተዋል።

ልጁ ከሰልስቱ በኋላ አመዱን በእንጨት ሲቆሰቁስ ፓወሩን አገኘው። ሳጥኑ ተሰንጥቆ ሲሚንቶው ወጥቶ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ ያልተቃጠለው እሱ ብቻ ነው። ቡድኑም ትንሽ ጠብቆት፣ ሲቀርበት ሌላ ጋሻ ያዥ አስገባ። ጨዋታው ቀጠለ።

እንግዲህ ወዳንተ ልምጣ። የሰው ኑሮም እንደዚህ ማሽን ነው። አንዳንዱ ዕቃህ ለዓይንህ ብቻ ነው። ከእሱ ብትቀንስ የምትጎዳው አንተ ነህ፣ ያውም ትንሽ፤ ስክሪንህ ላይ ቅጠሉ ይደበዝዛል፣ ጥላው ይጠፋል፣ በቃ። አንዳንዱ ደግሞ ባንተ ብር ቢገዛም ያንተ ብቻ አይደለም። አጠገብህ የተኛ ሰው ሳያውቀው ተደግፎበታል። ያ ልጅ የቀነሰው ከዕቃ መስሎት ነበር። የቀነሰው ከወንድሙ ነው። አላወቀም እንዳትለኝ፤ ኳ ሲል ሰምቷል። ያልሰማ ቢሆን ኖሮ ይህን ላንተ አልነግርህም ነበር፤ አዝኜለት ዝም እል ነበር።

ስለዚህ ገና ዋጋ አትጠይቀኝ። መጀመሪያ ከግድግዳህ ወዲያ ማን እንደሚተኛ ንገረኝ። ከዚያ ከየቱ እንደምትቀንስ አንተው ትነግረኛለህ።