የቆሎ መጠቅለያ

አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የነዋሪዎቹን ቅጾች ከነፎቷቸውና ከነስልክ ቁጥራቸው እንደ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ሸጠ። ገዢዋ በሩ ላይ ቆሎ የምትቸረችር ሴት ነበረች፤ ለመጠቅለያ ፈልጋው ነው። የተጻፈውን ስታይ ደንግጣ ሁለቴ አመለከተች፤ ሰሚ አጣች። ስለዚህ ባለቤቶቹን በየስማቸው እየጠራች ቅጻቸውን በአደባባይ ትመልስላቸው ጀመር።

ኃላፊው አስጠራትና፣ "የመንግሥትን ምስጢር አደባባይ አወጣሽ። ሁለተኛ እንደማትናገሪ ይህን ቅጽ ሞልተሽ ፈርሚ፤ አለዚያ ከበሩ ትነሻለሽ" አላት።

"ቅጹ የት ይቀመጣል?" አለች።

"እዚሁ መዝገብ ቤት፣ በጥብቅ ምስጢር።"

ሞልታ ፈረመች። ለጣት አሻራ ቀለሙን ሲያቀርብላት ግን እጇን ሰበሰበች።

"አሻራው እንኳ ይቅርብኝ ጌታዬ" አለችው፤ "ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣልኝ ቀለሙ ቆሎዬን ያበላሽብኛል።"